ሜትር ወይስ ኢንች? ለየትኛው ሥራ የትኛውን እንያዝ

ባለፈው ክረምት እህቴ ከአሜሪካ ደወለች። ልጇን አሞታል። «ትኩሳቱ 101 ገባ» አለች። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበርና እማዬ ሰማች። ከመደቡ ብድግ አለች። «መቶ አንድ? ኧረ በእመቤቴ! ውሃ እንኳ በመቶ አይደል የሚፈላው?»

እማዬ ልክ ናት። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ያውም በባሕር ወለል ከፍታ ላይ። እኛ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጠን 92 አካባቢ ሲደርስ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። ባቄላው አልበስል ብሎ የሚያስመሸን አንድም ለዚህ ነው። የእህቴ 101 ግን የፋራናይት ነው። በእኛ ቴርሞሜትር 38.3 ይሆናል። ትኩሳት ነው፤ ግን የሚያስለቅስ አይደለም። እማዬን ይህን እስካስረዳት ድረስ አንድ ሰዓት ሄደ፤ ቡናውም ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ልኬቶች ቁጭ ብዬ አወዳደርኩ። አንደኛው ሜትሪክ ነው፦ ሜትር፣ ኪሎ፣ ሊትር፣ ሴልሺየስ። ፈረንሳዮች ከአብዮታቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ያወጡት ነው። ሌላው ኢምፔሪያል የሚባለው የእንግሊዞቹ ነው፦ ኢንች፣ ጫማ፣ ማይል፣ ፓውንድ፣ ጋሎን። እኛ አገር የመንግሥቱ ልኬት ሜትሪክ ነው። ቢሆንም ገበያ ወርዶ ኢንች ሳይጠራ የሚመለስ የለም።

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ለማሰብ፣ ለማስላትና ለመዋዋል ሜትሪክ። ኢንች ደግሞ የዕቃ መጠሪያ ስም ሆኖ በቀረበት ቦታ ብቻ። ይህን ሳልለይ በመኖሬ የከፈልኩትን ዋጋ ወደ በኋላ አወራችኋለሁ።

ኢምፔሪያልን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። «12 ኢንች አንድ ጫማ፣ 3 ጫማ አንድ ያርድ፣ 1,760 ያርድ አንድ ማይል! ይሄ ምን ሥርዓት ነው?» ይላል። እኔም እንዲያ እል ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን የአያቴ ልኬት ሆኖ አገኘሁት። ኤከር የሚባለው የመሬት ልክ በጥንት ትርጉሙ አንድ ሰው በጥማድ በሬ በአንድ ቀን አርሶ የሚውለው ነው። ይሄማ የእኛው ጥማድ ነው! ኢንችም ድሮ በእንግሊዝ ሦስት የገብስ ፍሬ ተቀጣጥሎ የሚሞላው ርዝመት ነበር። ጫማው የሰው እግር ነው። ማይል ደግሞ ከሮማውያን ሺህ እርምጃ የመጣ ነው። እኛ ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ አልን፤ እነሱም በሰውነታቸው ለኩ። ወቄትና አውንስማ ሥጋ ዘመድ ናቸው። ወቄት በዐረብኛና በግሪክ በኩል ዞሮ፣ አውንስ በፈረንሳይ በኩል አልፎ፣ ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል ተወልደዋል።

ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። የእነሱ በሕግ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሌሎች አራት አገሮች ተስማምተው ኢንችን ልክ 2.54 ሴንቲ ሜትር አደረጉት። ፓውንድን 0.45359237 ኪሎ አሉት። ስለዚህ ዛሬ ኢንች ራሱ የቆመው በሜትር ትከሻ ላይ ነው። የእኛ ክንድ ግን በባለቤቱ ክንድ ቀረ። አያቴ ሸማ ልትገዛ ስትወርድ ክንደ ረጅሙን አጎቴን ታስከትል ነበር። ሸማኔውም ይህን ስለሚያውቅ አጎቴን ሲያይ ፊቱን ያጨፈግጋል።

መሬት ላይ ገበሬው ዛሬም በጥማድ ወይም በቃዳ ይነግራችኋል። አራቱ አንድ ሄክታር ግድም ነው። «ግድም» ያልኩት በምክንያት ነው። ቀላል አፈር ላይ ያለ ጥማድና መረሬ ላይ ያለ ጥማድ እኩል አይሆንም። ኤከር ደግሞ 4,047 ካሬ ሜትር ስለሆነ ከእኛ ጥማድ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ለወሬ ጥማድ ይበቃል። ኪራይ፣ ውርስ ወይም ክርክር ከመጣ ግን በሄክታርና በካሬ ሜትር አስለክታችሁ ጻፉት። «ከዋርካው እስከ ቦዩ» የሚል ውል ዋርካው የወደቀ ዕለት ያጣላል።

የሜትሪክ ጉልበት በደንብ የሚታየው ውሃ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሺህ ሊትር አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ቶን። ሒሳቡ አለቀ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዘለች ልጅ ጀርባዋ ላይ 20 ኪሎ አለ፤ የጀሪካኑን ክብደት ሳንቆጥር። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከፍ አድርጋችሁ ልትሰቅሉ ካሰባችሁ፣ የምትሰቅሉት ሁለት ቶን ነው። በአራት ባሕር ዛፍ አጣና አይሆንም፤ ሞክሮ ያየ ጎረቤት አለኝ።

ዝናቡም እንዲሁ ነው። «20 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ቆርቆሯችሁ 50 ካሬ የሚሸፍን ከሆነ 50 ሲባዛ በ20፣ ሺህ ሊትር። አንድ ሮቶ ሙሉ በነፃ! የሚረጨውና የሚያፈሰው ቢቀነስም ቀላል አይደለም። ሐምሌን እዚህ ላሳለፈ ሰው ይህ ሒሳብ ወርቅ ነው።

ያንኑ በኢምፔሪያል ልሥራው ብዬ ነበር። ዝናቡ በኢንች፣ ጣሪያው በካሬ ጫማ። አንድ ጫማ ኩብ ውሃ 62.4 ፓውንድ ይመዝናል። 7.48 ጋሎንም ይሆናል፤ የአሜሪካ ጋሎን ከሆነ። የእንግሊዝ ከሆነ ቁጥሩ ይቀየራል። የአሜሪካው ጋሎን 3.785 ሊትር ነው፤ የእንግሊዙ 4.546። ስማቸው አንድ፣ ሆዳቸው ሁለት። እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ጋሎን የሚል ነገር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ «የማን ጋሎን?» በሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የግቢያችን ሩቢኔት አፈሰሰ። እኔም ሠራተኛ ከምጠራ ራሴ ልቀይረው ብዬ ተነሳሁ። የብረት ቱቦውን ውፍረት በማስመሪያ ለካሁት፤ 2.1 ሴንቲ። ኢንች 2.54 ነው። ግማሹ 1.27፤ በጣም ቀጭን። ሦስት አራተኛው 1.9፤ ይሄ ይቀርባል። ሂሳብ የገባኝ መስሎኝ ገበያ ወርጄ «ባለ ሦስት አራተኛ ስጠኝ» አልኩ። ገዛሁ። መጣሁ። ጥርሱ ከማያያዣው አፍ ገዝፎ አልገባም አለ። በቴፍሎን ብጠቀልለው ጭራሽ ባሰበት።

በመጨረሻ ቧንቧ ሠራተኛውን ልጅ ጠራሁት። አንድ ጊዜ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግማሽ ኢንች ነው።»

«ለክቼዋለሁ፤ 2.1 ሴንቲ ነው!»

«አዎ። ግማሽ ኢንች ማለት 2.1 ሴንቲ ነው።»

እውነቱን ነው። የ«ግማሽ ኢንች» ብረት ቱቦ የውጭ ውፍረቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። የውስጡ ቀዳዳ ደግሞ 16 ሚሊ አካባቢ። ትክክለኛው ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ፣ ቱቦው ላይ የትም የለም። ስሙ የወጣው በድሮ ዘመን ለውስጡ ቀዳዳ ነበር። በኋላ የቱቦው ግድግዳ እየሳሳ ሄደ። ጥርሱ እንዲገጥም ውጩን አልነኩትም፤ ውስጡ ሰፋ። ስሙ ብቻ ቀረ። ልክ «አስር ሳንቲም» የሚባል ሰፈር ቢኖር ዛሬ በአስር ሳንቲም ምንም እንደማይገዛበት ማለት ነው።

ፕላስቲኩ ፒፒአር ቱቦ መጥቶ ነገሩን ደግሞ አወሳሰበው። እሱ የሚጠራው በውጭ ውፍረቱ፣ በሚሊ ሜትር ነው። ባለ 20 ፒፒአር ከግማሽ ኢንች ጋር ይገጥማል። ባለ 25 ከሦስት አራተኛ፣ ባለ 32 ከአንድ ኢንች ጋር። እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ። ሌላ ሒሳብ አትሥሩ። ገበያ ስትወርዱ ደግሞ አሮጌውን ሩቢኔት በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከሁለቱም ልኬት ይሻላል።

ቴሌቪዥን ላይ ኢንች ልክ ነው፤ ግን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ባለ 43 የሚባለው በጎን ሲለካ 95 ሴንቲ ያህል ይሆናል። ቡፌ ውስጥ ልትከቱት ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ይሄኛው ቁጥር ነው።

የመኪና ጎማ ደግሞ ሁለቱን ልኬቶች አጋብቶ ቁጭ ብሏል። ጎማው ጎን ላይ 195/65 R15 የሚል ካለ፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 15ቱ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። ማንም ግን «ይሄን ወደ አንድ እናምጣው» ብሎ አያውቅም። እንዳለ አንብባችሁ ለጎሚስታው መንገር ነው። ነፋስ ሲሞላላችሁ «ሠላሳ ላድርገው?» ካለም ፒኤስአይ ማለቱ ነው፤ ፓውንድ በካሬ ኢንች። የመኪናው በር ላይ የተጻፈው በባር ከሆነ 30 ፒኤስአይ ሁለት ባር አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላላችሁ ብስክሌተኞችም፣ 26 የምትሉት ጎማ ኢንች ነው።

ጋራዥ ውስጥ ግን ኢንችና ሚሊን መቀላቀል ያስከፍላል። ባለ 13 ቁልፍና የግማሽ ኢንች ቁልፍ ሲታዩ መንታ ናቸው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ነው። ልዩነቱ 0.3 ሚሊ፤ የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሆንም። ባለ ግማሽ ኢንቹን ብሎን በ13 ቁልፍ ይዛችሁ ስትታገሉ ግን ጠርዙ ይላጣል። ከዚያ በኋላ መዶሻና መሮ ነው። በአንፃሩ 19 ቁልፍና ሦስት አራተኛ ኢንች በ0.05 ሚሊ ብቻ ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው ቦታ ይሠራል። የጃፓን መኪና ላላችሁ ባለ ሚሊ ቁልፍ ይበቃችኋል። አሮጌ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ መኪና፣ ወፍጮ ወይም ፓምፕ ያላችሁ የኢንች ቁልፍ ስብስብ ግዙ። በተውሶ አይሆንም።

ቆርቆሮ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ጌጅ የሚባለው የውፍረት ቁጥር። ይሄም ከእንግሊዞች ሠፈር የመጣ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ከባለ 28 ይበልጣል ብሎ ደስ ብሎት የገዛ ሰው በረዶ በጣለ ቀን ይገባዋል። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ንገረኝ በሉት ሻጩን። ሚሊ አይዋሽም። የአርማታ ብረት በዚህ በኩል ተመስገን ነው፤ ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 16፣ ሁሉም ሚሊ።

ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ሜትር በአንድ በኩል 150 ሴንቲ፣ በሌላው 60 ኢንች ነው። ለእሱ ሁለቱም ቀላል ነው። ሱሪ 32 ወይም 34 ሲባል ወገብ በኢንች ነው፤ ተዉት እንዳለ። ጨርቁን ግን በሜትር ግዙ። ያርድ ከሜትር በዘጠኝ ሴንቲ ገደማ ያንሳል። ሦስት ሜትር ብላችሁ ከፍላችሁ ሦስት ያርድ ከተቆረጠላችሁ 26 ሴንቲ ሄደ፤ ከስንዝር በላይ ነው።

ቁመት ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ልጁ አምስት ከሰባት ነው» ሲል 5 ጫማ ከ7 ኢንች ማለቱ ነው፤ 170 ሴንቲ። ካልኩሌተር ላይ 5.7 ጽፋችሁ በ30.48 ካባዛችሁት 174 ሊጠጋ ነው። አራት ሴንቲ በነፃ! ለሽምግልና የተላከ ቁመት ከሆነ በደንብ አስሉት።

ወጥ ቤት ውስጥ እኛ በዓይን ነው የምንለካው፤ በእፍኝ፣ በጭልፋ፣ በጣሳ። ኢንተርኔት አይታ ኬክ የምትጋግር ልጅ ካለቻችሁ ግን ሁለት ነገር ንገሯት። የአሜሪካ አንድ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የእኛ የሻይ ብርጭቆ አይደለም። ምድጃው 350 ይሁን ከተባለ ፋራናይት ነው፤ 177 ሴልሺየስ። ቅቤ በፓውንድ ከተጻፈ 454 ግራም ነው። አሮጊቶች በነጥር ሲሉም በአንዳንድ ገበያ ከዚያው አካባቢ ይውላል፤ ነጥር ግን ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ሻንጣ የምታዘጋጁ ከሆነ 23 ኪሎና 50 ፓውንድ በግምት አንድ ናቸው። ፓውንድን ወደ ኪሎ ለመቀየር አካፍሉት ለሁለት፣ ከዚያ አንድ አስረኛውን ቀንሱ። 50 ሲካፈል 25፣ ሲቀነስ 22.5። እውነተኛው 22.7 ነው፤ ይበቃል። በርበሬውን ከመዝጋታችሁ በፊት መዝኑት።

መንገድ ላይ ማይልን በ1.6 አባዙ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ 186 ማይል። ለእህቴ በማይል ስነግራት «ቅርብ ነው እኮ» አለች። የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት በማይልም በኪሎ ሜትርም እንደማይለካ ረስታዋለች። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ካጋጠማችሁ ደግሞ ፍጥነት መቁጠሪያውን እዩት። 60 የሚለው ማይል ከሆነ 96 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነው።

ወደ ትኩሳት ልመለስ። ብዙዎች «ከፋራናይት 30 ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል» የሚል አቋራጭ ይጠቀማሉ። ለአየር ጠባይ ጥሩ ነው። 70 ፋራናይት በአቋራጩ 20 ይሆናል፤ እውነተኛው 21 ነው። ለሕመምተኛ ግን በፍጹም! የእህቴን 101 በዚህ ብታሰሉት 35.5 ይመጣል። ትኩሳት ያለበት ልጅ ቀዘቀዘ ልትሉ ነው። አራት ቁጥር በቃል ያዙ፦ 98.6 ማለት 37፣ 100.4 ማለት 38፣ 102.2 ማለት 39፣ 104 ማለት 40። እኛ ቤት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል።

ልኬት ማደባለቅ የእኔ ቢጤ ብቻ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ካናዳ ወደ ሜትሪክ ስትዞር አንድ ቦይንግ 767 ላይ 22,300 ኪሎ ነዳጅ መሞላት ነበረበት። ሊትሩን ወደ ክብደት ሲቀይሩ የኪሎውን ማባዣ ትተው የፓውንዱን ያዙ። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያነሰ ይዞ ተነሳ። አየር ላይ ነዳጁ አለቀ። አብራሪው ያለ ሞተር አንሳፎ ጊምሊ በሚባል አሮጌ ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፈው፤ የሞተ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር ጠፋ። የሞተሩን ግፊት አንዱ ቡድን በፓውንድ፣ ሌላው በሜትሪኩ የኃይል መለኪያ በኒውተን ሲያሰላ ነበር።

እኛ በዚህ ረገድ ልምድ አለን ብዬ አስባለሁ። ሰዓቱን በሁለት እንቆጥራለን። ዓመቱንም በሁለት። «ሁለት ሰዓት» ሲባል «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ካልጠየቅን አውሮፕላን ያመልጠናል። ቁጥር ሲነገራችሁ ያንኑ ጥያቄ አምጡት። «101 በማን?» «ጋሎኑ የማን?» «ሦስት አራተኛ ስትል ስሙን ነው ልኩን?» እማዬ እንኳ አሁን ለምዳዋለች፤ እህቴ ቁጥር በጠራች ቁጥር «በእኛ ስንት ነው?» ትላለች።

ለቤት የሚሆን ሜትር ስትገዙ በሁለቱም በኩል የተጻፈበትን፣ ሴንቲና ኢንች ያለውን ግዙ። ብዙም አይወደድም። ለሥራ ስትጽፉ ከቁጥሩ ጎን አሃዱን ጻፉ፤ «120 በ150» ብቻ አትበሉ። ሥራውን በአንዱ ከጀመራችሁ በዚያው ጨርሱ፤ መቀየር ካለባችሁም መጨረሻ ላይ አንዴ ቀይሩ።

ያ ባለ ሦስት አራተኛ ሩቢኔት እስካሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ነጋዴው «ጥርሱን ነካክተኸዋል» ብሎ አልመለሰልኝም። ባለ 25 ፒፒአር የዘረጋ ጎረቤት ካለ ይምጣ፤ በግማሽ ዋጋ እሰጠዋለሁ።